በእንስሳት ዲፕሎማሲ ደጋግመው የሚሠሩ ስህተቶች

አገሮች ለወዳጅነት ሲሉ እንስሳ ሲሰጣጡ ወይም ሲዋዋሱ ከሁሉ የሚያናድደኝ እንስሳውን አስረክቦ፣ ፎቶ ተነሥቶ ዘወር ማለት ነው። ታይላንድ በ2001 እ.ኤ.አ. ሳክ ሱሪን የተባለ ዝሆን ለስሪላንካ ሰጠች። ዝሆኑ ለአንድ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ተላልፎ በክብረ በዓል ሰልፍ ቅዱስ ንዋይ ሲሸከም ኖረ። ከሃያ ዓመት በኋላ የእንስሳት ተቆርቋሪዎች ጉዳዩን ሲያጋልጡ ገላው ቆስሎ፣ የፊት ግራ እግሩ አልታጠፍ ብሎ ነበር። በ2023 አራት ቶን የሚመዝነው ዝሆን በጭነት አውሮፕላን ወደ ቺያንግ ማይ ተመለሰ፤ የስሪላንካ ጠቅላይ ሚኒስትርም የታይላንድን ንጉሥ ይቅርታ ጠየቁ። ይህን ጣጣ የሚያስቀረው በርክክብ ውሉ ላይ የሚገባ አንድ አንቀጽ ነው፦ የሰጪው አገር ሐኪም በየዓመቱ ያያል፤ እንስሳው ከተጎዳ ይመለሳል። ይህን አንቀጽ በረቂቅ ውስጥ ባስገባሁ ቁጥር “ወዳጅ አገር ላይ እንዴት እንዲህ ይጻፋል?” የሚል አይጠፋም። ቻይና ግን ይሉኝታ አልያዛትም። በ1972 ለአሜሪካ ፓንዳ በስጦታ የሰጠች አገር ዛሬ የምታውሰው በውል ነው፤ የሚወለደው ግልገል እንኳ የእርሷ ነው።

ተቀባዮችም ወጪውን ሳያሰሉ እጃቸውን ይዘረጋሉ። በፊንላንድ አህታሪ የሚገኘው የእንስሳት ማቆያ ለሁለት ፓንዳዎች ከ8 ሚሊዮን ዩሮ በላይ አውጥቶ መኖሪያ ሠራ። ለ15 ዓመት ይቆያሉ ተብለው በ2018 የገቡት ፓንዳዎች፣ በዓመት 1.5 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ማውጣት ስላልተቻለ በ2024 ተመለሱ። ሣሩን እንጂ ገደሉን ያላየው በሬ ማለት ይህ ነው።

የርክክቡን ቀን ለፖለቲከኛ ቀን መቁጠሪያ አትተዉ። የናሚቢያ አቦ ሸማኔዎች በ2022 በህንዱ ኩኖ ፓርክ የተለቀቁት በጠቅላይ ሚኒስትር ሞዲ የልደት ቀን ነው። የእንስሳቱ ገላ ግን የሚያውቀው የደቡባዊ አፍሪካን ወቅት ነበርና፣ እዚያ ብርድ በሚሆንባቸው ወራት በህንድ ሙቀትና ዝናብ መካከል ወፍራም ጠጉር አበቀሉ። ለመከታተያ በታሰረላቸው የአንገት ማሰሪያ ሥር እርጥበት ተቋጠረ፣ ቆዳቸው ቆሰለ፣ ትል ገባበት፤ በ2023 ከናሚቢያና ከደቡብ አፍሪካ ከመጡት መካከል በዚሁ ምክንያት የሞቱ አሉ።

እንስሳውን ከአገሩ ሳያወጡ ዲፕሎማሲ የለም ብሎ ማሰብም ስህተት ነው። ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1882 ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ዡል ግሬቪ የላኩት የሜዳ አህያ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ዝርያው የግሬቪን ስም እንደያዘ ዛሬ በዱር የቀረው በኢትዮጵያና በኬንያ ብቻ ነው። እንግዳን የሜዳ አህያው እስከሚኖርበት የአፋሩ አላይደጌ ሜዳ ድረስ ወስዶ ማሳየት፣ ለጥበቃውም አብሮ እንዲሠራ መጋበዝ ይቻላል፤ የአውሮፕላን ሣጥን አያስፈልገውም።