ለድሮ ስፖርት መኪና ጎማና ቸርኬ ሲመረጥ መወገድ ያለባቸው ስህተቶች

የድሮ መኪና ሲታደስ መጀመሪያ ሞተሩ ይወርዳል። ከዚያ ቀለሙ ይመረጣል፣ ወንበሩ ይሰፋል። ጎማና ቸርኬ የሚገዛው መጨረሻ ላይ ነው፤ ገንዘቡ ሲያልቅ፣ በዓይን ግምት። እኔ በዚህ ቅደም ተከተል አልስማማም። በተለይ መኪናዋ የምትነዳው በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ከሆነ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ። ያንን ሁሉ ከፍታ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ፣ የሐረጎን ተራራ እየተጠማዘዛችሁ ነው የምትወርዱት። ክረምት ሲሆን ዝናቡና ጉሙ ይጨመርበታል። እዚህ መንገድ ላይ የጎማ ምርጫ የጌጥ ጉዳይ አይደለም።

ለምሳሌ የማነሳት መኪና ፊያት 124 ስፓይደር ናት። ከ1966 እስከ 1985 ድረስ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የተሠራች፣ ባለ ሁለት በር፣ ጣሪያዋ የሚከፈት መኪና። ቁጥሮቹ የእሷ ናቸው። አካሄዱ ግን ለኤምጂቢም፣ ለአልፋ ሮሜዮም፣ ለዳትሰን 240 ዜድም፣ ለቮልስም ይሠራል።

የጎማውን ቁጥር በግማሽ ማንበብ

የስፓይደር የፋብሪካ ጎማ 165 አር 13 ነው። 165 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው። 13 ደግሞ የቸርኬው መጠን በኢንች። ዛሬ በለመድናቸው ጎማዎች ላይ በመሃል 70፣ 65 ወይም 60 የሚል ሌላ ቁጥር አለ። የጎማው ጎን ቁመት ከስፋቱ በመቶ ስንት እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነው። በድሮው ጎማ ላይ ይህ ቁጥር ካልተጻፈ 80 ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ነው ማለት ነው።

አሁን ሂሳቡን እንሥራው። የ165 ሰማንያ በመቶ 132 ሚሊሜትር ነው። ጎኑ ከላይም ከታችም ስላለ 264 ይሆናል። 13 ኢንች በ25.4 ሲባዛ 330 ይመጣል። ሲደመር 594 ሚሊሜትር። የጎማው ሙሉ ቁመት ይህ ነው። ይህችን ቁጥር ስልካችሁ ላይ ጽፋችሁ ያዙ፤ ሌላው ነገር ሁሉ የሚለካው በእሷ ነው።

ሱቅ ስትገቡ «165 የለም፣ 175/70 ውሰድ፣ ያው ነው» ትባላላችሁ። ያው አይደለም። ሂሳቡን ስትሠሩት 175/70 አር 13 ቁመቱ 575 ሚሊሜትር ነው። 19 ሚሊሜትር ያጥራል፤ ከ100 ሦስት ማለት ነው። የፍጥነት ቆጣሪው 100 ሲል እናንተ የምትሄዱት 97 ገደማ ነው። መኪናዋም ወደ መሬት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ትጠጋለች። 185/70 አር 13 ግን 589 ሚሊሜትር ነው። ከኦሪጅናሉ ያለው ልዩነት ከ100 አንድ እንኳ አይሞላም። ሰፋ ያለ ጎማ የፈለገ ሰው ልክ የሚሆነው ይህ ነው። 175/70 አደጋ የለውም፤ ብዙ ላዳዎችም የሚሄዱበት ጎማ ነው። ስትገዙት ግን እያወቃችሁ ግዙት።

«መንገዱ መጥፎ ነው» ብሎ ረጅም ጎማ ማድረግ

ይህ በእኛ አካባቢ በብዛት የሚሰማ ሐሳብ ነው። ረጅም ጎማ መኪናዋን ከፍ ያደርጋታል፣ ሆዷ አይመታም። እውነት ነው። ግን ዋጋ አለው። ጎማው ሲረዝም በአንድ ዙር የሚሸፍነው ርቀት ይጨምራል፤ ስለዚህ ሞተሩ በእያንዳንዱ ማርሽ ላይ የበለጠ ይከብደዋል።

ደሴ ላይ ደግሞ ሞተሩ አስቀድሞ ደክሟል። በ2,500 ሜትር ከፍታ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው የድሮ ሞተር ከጉልበቱ ከአምስት እጅ አንዱን እጅ ገደማ ያጣል። የመጀመሪያዋ ስፓይደር 1,438 ሲሲ ሆና 90 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ደሴ ስትደርስ የሚቀራት 70 አካባቢ ነው። በዚህ ላይ ረጅም ጎማ ጨምሩና ሁለት ሰው ጭናችሁ ከኮምቦልቻ ሽቅብ ውጡ። በሦስተኛ ትወጣው የነበረውን ዳገት በሁለተኛ ነው የምትጨርሱት፤ ሙቀት መለኪያውንም ዓይናችሁ አይለቀውም። ሆዷ የሚመታ ከሆነ መጀመሪያ መታየት ያለበት ሞላው ነው። የደከመ ሞላ በጎማ አይድንም።

ትልቅ ቸርኬ፣ ስስ ጎማ

ይህ ደግሞ የተቃራኒው ወገን ስህተት ነው። 15 ወይም 16 ኢንች አሉሚኒየም ቸርኬ ላይ ስስ ጎማ ገብቶ ሲታይ ያምራል፤ አልክድም። ግን 165 አር 13 ላይ ከመንገዱ እስከ ቸርኬው 132 ሚሊሜትር ጎማና አየር አለ። 195/50 አር 15 ላይ ያለው 97 ገደማ ነው። የጠፋው ሦስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው ጉድጓድ ውስጥ ስትገቡ ቸርኬውን የሚያድነው። አስፋልቱ ጠርዙ ላይ በተቆረጠበት፣ ከባድ መኪና ሲመጣ ወደ ዳር በምትወጡበት መንገድ ላይ ስስ ጎማ ቸርኬ ያጣምማል፤ አንዳንዴም የጎማውን ጎን ይቀድደዋል። የተሰነጠቀ አሉሚኒየም ቸርኬ ደግሞ ተበይዶ እንደገና መገጠም የለበትም።

ሌላም ነገር አለ። የድሮ ስፖርት መኪና ሞላዋና ሾኳ የተሠሩት ጎኑ ረጅምና ለስላሳ ለሆነ ጎማ ነው። ድንጋጤውን ከሞላውና ከሾኩ ጋር ተካፍሎ የሚውጠው ጎማው ነው። እሱን ስታሳጥሩት ምቱ በቀጥታ ወደ ሻንሲው ይሄዳል፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ደግሞ እዚያ ውስጥ ዝገት አይጠፋም። ኦሪጅናሉን 13 ኢንች አስጠግናችሁና ቀለም አስቀብታችሁ ብትገጥሙት መልኩም ለመኪናዋ የበለጠ ይሄዳል። ይህ የእኔ ምርጫ ነው።

«አራት ቀዳዳ ነው፣ ይገጥማል»

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንየው፤ ሰው ሊገድል የሚችለው ስህተት ይህ ነው።

የቸርኬ ቀዳዳዎች የሚያርፉት በአንድ ክብ ላይ ነው። የዚያ ክብ ስፋት ከመኪና መኪና ይለያያል። የፊያት 124 አራት ቀዳዳ በ98 ሚሊሜትር ነው። ከተማው ውስጥ በየቦታው የምናያት የቶዮታ ቪትዝ አራት ቀዳዳ በ100 ነው። ኤምጂቢና ዳትሰን 240 ዜድ በ114.3 ናቸው። ቮልስ ራሷ ሁለት ዓይነት ናት፤ የ1960ዎቹ መጀመሪያ ቮልስ አምስት ቀዳዳ በ205 ስትሆን፣ የኋለኞቹ አራት ቀዳዳ በ130 ናቸው።

98 እና 100 በዓይን አይለዩም። ስለዚህ ሰው የቪትዝ ቸርኬ ርካሽ አገኘሁ ብሎ ያመጣል። ስፓይደሯ ላይ ሲሞክረው ገና ከመጀመሪያው አይቀመጥም። ምክንያቱም የቪትዝ ቸርኬ የመሃል ቀዳዳ 54.1 ሚሊሜትር ነው፤ የፊያት ሞዞ (ቸርኬው የሚታሰርበት የመሃል ብረት) ደግሞ 58.1። መኪናዋ «ይህ የኔ አይደለም» እያለች ነው። ሰውየው ግን ቸርኬውን ቶርኖ ቤት ወስዶ መሃሉን ያስፋዋል። አሁን ቸርኬው ይቀመጣል። ብሎኖቹም፣ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሚሊሜትር ወደ ጎን ተገፍተው፣ በቁልፍ ጉልበት ይገባሉ። የጠበቀ ይመስላል። ነገር ግን የብሎኑ ሾጣጣ ራስ ቸርኬው ላይ በሙሉ ዙሪያው አላረፈም፤ የተቀመጠው በአንድ ጎኑ ብቻ ነው። ብሎኑም ትንሽ ታጥፏል። መንገድ ላይ በንዝረት ይላላል፤ ካልላላም አንድ ቀን ይበጠሳል። ሐረጎ ላይ ቁልቁል እየወረዳችሁ ጎማ ሲወልቅ የሚሆነውን መዘርዘር አያስፈልግም።

መለካቱ ቀላል ነው። ካሊፐር ያዙ። ከአንዱ ቀዳዳ የውስጥ ጠርዝ ተነሥታችሁ እስከ ፊት ለፊቱ ቀዳዳ የውጭ ጠርዝ ለኩ። ባለ አራት ቀዳዳ ላይ የክቡን ስፋት በቀጥታ ታገኙታላችሁ።

ለስፓይደር ባለቤት ደግሞ ደስ የሚል ዜና አለ። ላዳ የተወለደችው ከፊያት 124 ነው። ሩሲያ ውስጥ ቶልያቲ ላይ መመረት የጀመረችው በ1970 ሲሆን የቸርኬዋ አቀዳደድም አራት በ98 ነው፤ መጠኑም 13 ኢንች። አዲስ አበባ ላይ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ሆና ስንት ዘመን ያገለገለችው ያቺው ላዳ ማለት ነው። ደህና የላዳ ብረት ቸርኬ ማግኘት ቪትዝን ቶርኖ ከማስገባት ይቀላል። ፍሬኑን እንዳይነካ ግን ገጥማችሁ በእጅ አዙራችሁ እዩት።

ከቸርኬው ጋር ብሎኑም ይታይ። ፊያት ላይ ብሎኑ ሞዞው ውስጥ ይገባል እንጂ ከሞዞው በወጣ ብሎን ላይ ዳዶ አይጠብቅም። አሉሚኒየም ቸርኬ ከብረቱ ይወፍራል። በድሮው አጭር ብሎን ከገጠማችሁት ሦስትና አራት ጥርስ ብቻ ይዞ ሊቀር ይችላል። በእጅ ስታዞሩት ቢያንስ 8 ወይም 9 ሙሉ ዙር መግባት አለበት።

ቸርኬው ወደ ውጭ ሲወጣ

አንዳንድ ቸርኬ ቀዳዳው ልክ ሆኖ ጎማውን ከፓራፋንጎው ውጭ ያወጣዋል። ሰፊና ኃይለኛ መልክ ይሰጣል። ግን ኩሽኔታው ያልታሰበለትን ጫና ይሸከማል፣ መሪውም ጉድጓድ በነካ ቁጥር ከእጅ ይነጠቃል። ቸርኬው ጀርባ ላይ ኢቲ (ET) ተብሎ የተጻፈውን ቁጥር፣ ማለትም ቸርኬው ሞዞው ላይ የሚያርፍበት ገጽ ከቸርኬው ስፋት መሃል ስንት ሚሊሜትር እንደራቀ የሚናገረውን፣ ከኦሪጅናሉ ጋር አስተያዩ። ጥቂት ሚሊሜትር ልዩነት ችግር የለውም። 20 ሚሊሜትር ግን ሌላ ነገር ነው።

ስፋትም እንዲሁ ነው። የስፓይደሯ ቸርኬ ስፋቱ 5 ኢንች ነው። 185/70 በደንብ ይቀመጥበታል። 195/50 ግን ቢያንስ 5 ኢንች ተኩል ይፈልጋል። መሪዋም ሃይድሮሊክ የለውም። ደሴ ፒያሳ ላይ መኪና ስታቆሙ ሰፊ ጎማ ክንዳችሁን ያደክመዋል። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ቀላል መኪና ላይ ያለ ሰፊ ጎማ ውሃውን ቀድዶ ከመሄድ ይልቅ ላዩ ላይ መንሳፈፍ ይቀናዋል።

የተገኘውን ሁሉ መደባለቅ

ሁለት የድሮ ናይለን ጎማ (ውስጡ ያለው ክር በሰያፍ የተጠላለፈ)፣ ሁለት አዲስ ራዲያል (መጠኑ ላይ አር የሚል)። እንዲህ ያለ መኪና መንገድ ላይ አይጠፋም። አራቱም ራዲያል ይሁኑ። ሁለት ብቻ መግዛት ከቻላችሁ ራዲያሎቹ ወደ ኋላ ይሂዱ። በምንም ዓይነት ራዲያሉን ፊት፣ ናይለኑን ኋላ አታድርጉ፤ መታጠፊያ ላይ የኋላው ቀድሞ ይሸሻል፣ መኪናዋም ትሽከረከራለች።

ሌላው የምትጠነቀቁት ሲ (C) የሚለው ፊደል ነው። 165 አር 13 ሲ የሚል ጎማ ለአነስተኛ የጭነት መኪና የተሠራ ነው። መጠኑ ስለሚገጥም ጎሚስታው በቅን ልቦና ይሰጣችኋል። ግን ጎኑ ደረቅ ነው፤ አንድ ቶን ያህል ለምትመዝን ስፖርት መኪና አይታጠፍላትም፣ ትነጥራለች። ለእሷ የሚበቃት 82 የሚል የጭነት ቁጥር ነው፤ አንዱ ጎማ 475 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው።

ኤምጂቢ ላይ እንደሚገኘው ዓይነት፣ እንደ ብስክሌት በሽቦ የተወጠረ ቸርኬ ያላችሁ ደግሞ ከመነዳሪውን (የውስጡን ላስቲክ) አትተዉ። ሽቦው በገባበት ቀዳዳ አየር ይወጣል።

ጥርሱን አይቶ ዕድሜውን አለማየት

ያገለገለ ጎማ ስትገዙ ጥርሱ ጥልቅ ስለሆነ ብቻ አትደሰቱ። ጎማው ጎን ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ። 2319 ከሆነ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ ዓመቱ የአውሮፓውያን ነው። ሦስት ቁጥር ብቻ ካለው ከ2000 በፊት የተሠራ ስለሆነ ዋጋውን እንኳ አትጠይቁ። ጎማ ሳይነዳም ያረጃል፣ ይደርቃል። 10 ዓመት ያለፈው ጎማ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም እርጥብ አስፋልት አይዝም። የድሮ መኪና ትንሽ ስለምትነዳ ጎማዋ ሳያልቅ ያረጃል፤ ለዚህ ነው ይህ ስህተት በእሷ ላይ የሚበዛው። መጠባበቂያውንም አትርሱት።

ንፋስ በልማድ ማስሞላት

ጎሚስታ ቤት ገብታችሁ ዝም ካላችሁ አራቱም 35 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ይሞላሉ። ለዛሬ መኪና ይሆናል። ቮልስ ግን ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ ፊቷ የሚፈልገው ከ16 እስከ 18 ፒኤስአይ ነው፤ ኋላዋ ከ24 እስከ 27። ፊቷን 35 ስትሞሉት መሪው መንገዱን ይለቃል። የመኪናችሁን ቁጥር ከመመሪያዋ ፈልጉና ለጎሚስታው በአፋችሁ ንገሩት።

ኮምቦልቻ የሞላችሁትን ደሴ ብትለኩት፣ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ መለኪያው 1 ፒኤስአይ ገደማ ጨምሮ ያሳያል። የደሴ ብርድ ደግሞ ያንኑ ያህል መልሶ ይቀንሰዋል። ስለዚህ አትጨነቁ። ግን ሐረጎን ወርዳችሁ ፍሬኑና ጎማው እንደጋለ ለክታችሁ ንፋስ አታስተንፍሱ። ጠዋት፣ መኪናዋ ሳትነሣ ለኩ።

አዲሱ ጎማና ቸርኬ የተገጠመ ቀን ሁለት ሰው አስቀምጡና መሪውን እስከ መጨረሻው ግራም ቀኝም አዙሩት። ፓራፋንጎ ወይም ሾክ የሚነካ ከሆነ እዚያው ግቢ ውስጥ ይታወቃል። ከዚያ ኮምቦልቻ ደርሳችሁ ተመለሱ። ደርሶ መልሱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስትመለሱ ቸርኬው እስኪቀዘቅዝ ጠብቁና ብሎኖቹን አንድ በአንድ፣ በመስቀለኛ ተራ፣ እንደገና አጥብቁ።