ትንሹ ሰርቨር ሲያስቸግር፦ ፋየርዎል ነው አንቲቫይረስ የጎደለው?

ድሬዳዋ ውስጥ ብዙ ትንንሽ ድርጅቶች ሰርቨር አላቸው። ከዚራ ያለ ፋርማሲ፣ ሳቢያን ያለ ሆቴል፣ በጅቡቲ በኩል ዕቃ የሚያስገባ ነጋዴ፤ የሂሳብ ፕሮግራሙን ፒችትሪን ወይም የሽያጭ ፕሮግራሙን አንድ ኮምፒውተር ላይ ይጭናል፣ ሌሎቹን በስዊች ያገናኛል። ችግር ሲመጣ "የትኛው አንቲቫይረስ ይሻላል?" ይባላል። ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ ምልክቱ ምንድነው? አንቲቫይረስ ውስጥ የገባውን ፋይል ይመረምራል። ፋየርዎል ደግሞ ማን በየትኛው ፖርት (የኔትወርክ ግንኙነት የሚያልፍበት ባለ ቁጥር በር) እንደሚያልፍ ይወስናል። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።

የፋይሎቹ ስም ተቀይሯል፣ አንዱም አልከፈት ብሏል

በየፎልደሩ ገንዘብ የሚጠይቅ ማስታወሻ ካገኛችሁ ራንሰምዌር ነው፤ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ፕሮግራም። መጀመሪያ የኔትወርክ ኬብሉን ንቀሉ፤ የተሰካ የባካፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) ዲስክ ካለ እሱንም። ፎርማት ለማድረግ አትቸኩሉ። በየት እንደገባ የሚያሳየው መረጃ አብሮ ይጠፋል።

እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሪሞት ዴስክቶፕን፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ከሩቅ የሚያሠራውን የዊንዶውስ አገልግሎት ነው። ባለቤቱ አዲስ አበባ ሆኖ ሂሳቡን ማየት ይፈልጋል። ባለሙያው ራውተሩ ላይ ፖርት 3389ን ከፍቶለት ይሄዳል። ክፍት ፖርት የሚያስሱ ፕሮግራሞች ቀንና ሌሊት ኢንተርኔት ላይ ይዞራሉ፤ ሲያገኙ የይለፍ ቃል እየቀያየሩ ይሞክራሉ። ኢቨንት ቪወር (ዊንዶውስ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበት) ውስጥ ሴኪዩሪቲ የሚለውን ክፈቱና ቁጥር 4625ን ፈልጉ። ያልተሳካ የመግባት ሙከራ ማለት ነው። ከማታውቁት አድራሻ ተደርድሮ ካያችሁ፣ ከውጭ እየተሞከረባችሁ ነው።

ራውተሩ ላይ የተከፈተውን ዝጉ። ከውጭ የሚገባ ሰው በቪፒኤን (በተመሰጠረ የግል መስመር) ብቻ ይግባ። የፖርቱን ቁጥር መቀየር አያድንም፤ ሌሎቹም ቁጥሮች ይሞከራሉ። እዚህ ላይ ውድ አንቲቫይረስ ብቻውን መልስ አይሆንም፤ አድሚን (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) ሆኖ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ ሊያጠፋው ይችላል። የተቆለፈውን ፋይል በአስተማማኝ መንገድ የሚመልሰው ባካፕ ነው። ስለዚህ ባካፑ ካለቀ በኋላ ዲስኩ ተነቅሎ ይቀመጥ።

በፈረንጆች አቆጣጠር በግንቦት 2017 ዓለምን ያመሰው ዋናክራይ የተባለው ራንሰምዌር በፖርት 445 ነበር የሚዛመተው። ማይክሮሶፍት ማስተካከያውን ያወጣው በዚያው ዓመት በመጋቢት ነው። "ዳታ ይበላል" ተብሎ አፕዴት ሲጠፋ ሳይ ከልብ አዝናለሁ።

ፍላሹ ላይ ያሉት ፎልደሮች ሾርትከት ሆነዋል

ደረሰኝ ለማተም ፎቶኮፒ ቤት የሄደ ፍላሽ ተመልሶ ሰርቨሩ ላይ ሲሰካ የሚመጣ ነው። በኔትወርክ ስላልገባ የበሩ ፋየርዎል አያየውም። ይህ የአንቲቫይረስ ሥራ ነው። ሾርትከቱን አትጫኑ። ስካን አድርጉ፣ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጉ፤ ዋናዎቹ ብዙውን ጊዜ እዚያው አሉ። ከዚያ ሰርቨሩ ላይ ፍላሽ መሰካት ይቅር።

ቀን ላይ ሁሉም ነገር ይንቀራፈፋል

ሁለት አንቲቫይረስ አብረው እየሠሩ እንደሆነ እዩ። ከዊንዶውስ ሰርቨር 2016 ጀምሮ ዲፌንደር የሚባለው የማይክሮሶፍት አንቲቫይረስ አብሮ ይመጣል። ተራው ዊንዶውስ 10 ላይ ሌላ ስትጭኑ ራሱ ይለቃል። ሰርቨር ላይ ግን በራሱ አይለቅም፤ አንዱን እናንተ ማስቆም አለባችሁ።

ሙሉ ስካኑም በሥራ ሰዓት አይሁን። በድሬ የቀትር ሙቀት ላይ የስካን ጭነት ሲጨመርበት ማሽኑ እንዳይግል ራሱን ያዘገያል። ንጋት ላይ አድርጉት። የዳታቤዙን ፋይሎች ከቅጽበታዊ ስካን አስወጡ፤ ኤስኪውኤል ሰርቨር ለሚባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም ስማቸው በኤምዲኤፍና በኤልዲኤፍ የሚያልቁት ናቸው። ሙሉውን ድራይቭ ግን እንዳታስወጡ።

መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ ሰርቨሩ አይታይም

ዊንዶውስ ኔትወርኩን "ፐብሊክ" ብሎ መድቦት ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ፋየርዎሉ የፋይል መጋራትን ይዘጋል። ወደ "ፕራይቬት" መልሱት። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ፋየርዎሉን ጭራሽ ያጠፋዋል፤ እባካችሁ አታድርጉት። አንቲቫይረሱ "ላይሰንስ አልቋል" ወይም "አፕዴት አልተሳካም" ካለ ደግሞ ቀኑን እዩ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 ባትሪ ስትሞት ሰዓቱ ወደ ኋላ ይሄዳል።

እንግዲህ ምን ይመረጥ?

ዊንዶውስ ሰርቨር 2016 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነና አፕዴት ከተደረገ፣ ለጥቂት ኮምፒውተሮች ዲፌንደርና የራሱ ፋየርዎል ይበቃሉ ባይ ነኝ። 2012 አር2 ከሆነ መደበኛ ድጋፉ በፈረንጆች ጥቅምት 10፣ 2023 አብቅቷል፤ ገንዘቡን ለአዲስ ሲስተም አውሉት። የሚከፈልበት አንቲቫይረስ ብዙ ኮምፒውተር ከአንድ ቦታ ለመቆጣጠር ይጠቅማል፤ ለሰርቨር የተሠራ መሆኑን ግን ጠይቁ። ክራክ የተደረገ በጭራሽ።

ሊኑክስ ላይ ዩኤፍደብሊው የሚባለው ፋየርዎል ቀላል ነው፤ ከርቀት የምትሠሩ ከሆነ ከማብራታችሁ በፊት ኤስኤስኤችን (ከርቀት የምትገቡበትን መስመር) ፍቀዱ፣ አለበለዚያ ራሳችሁን ውጭ ትዘጋላችሁ። ክላምኤቪ የሚባለው አንቲቫይረስ ከ1 ጊጋባይት በላይ ሜሞሪ ሊይዝ ስለሚችል ትንሽ ማሽን ያፍናል። ራውተራችሁ ቪፒኤን ከሌለው፣ ሁለት የኔትወርክ ካርድ ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ኦፒኤንሴንስ የሚባለው ፋየርዎል በነፃ ይጫናል።

ከጨረሳችሁ በኋላ ፈትሹ። ዋይፋይ አጥፍታችሁ በስልክ ዳታ በሪሞት ዴስክቶፕ ለመግባት ሞክሩ፤ ሰርቨሩ ጋ ከደረሳችሁ ፖርቱ አልተዘጋም። ኢካር የሚባለውን ጉዳት የሌለው መሞከሪያ ፋይልም ሰርቨሩ ላይ አስቀምጡ፤ አንቲቫይረሱ ዝም ካለ እየሠራ አይደለም።