የቤት ኮምፒውተራችሁ ሲንቀራፈፍ፣ ወደ ፎርማት ከመሮጣችሁ በፊት (ለድሬ ልጆች)

እኛ ጋር ኮምፒውተር ዘገየ ሲባል መጀመሪያ አፍ ላይ ሚመጣው ነገር "ፎርማት ይደረግ" ነው፣ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ መጫን ማለት ነው። ፎርማት አንዳንዴ ይረዳል፣ አልክድም፣ ግን ችግሩ ሙቀት ከሆነ ወይ ሃርድ ዲስኩ እየሞተ ከሆነ ፎርማት ተደርጎ በሳምንቱ ተመልሶ እዛው ነው፣ መሃል ላይ ደግሞ የልጆች ፎቶ፣ የሰርግ ቪዲዮ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ሁሉ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚ መጀመሪያ ምን እንደያዘው እንወቅ፣ እሱን ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ያለ አምስት ሳንቲም ማወቅ ትችላላችሁ። ምነግራችሁ ለዊንዶውስ 10 እና 11 ነው።

አንደኛ፣ ሪስታርት አድርጉት

ሹት ዳውን ሳይሆን ሪስታርት። ልዩነት አለው። ፋስት ስታርትአፕ ሚባል ነገር አለ፣ እሱ በርቶ ከሆነ ሹት ዳውን ስትሉት ዊንዶውሱ የራሱን ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ነው ሚጠፋው፣ ስታበሩት ያንኑ መልሶ ያነሳዋል፣ ማታ ማታ እያጠፋችሁትም የተጠራቀመው ችግር አብሮ ይቆያል ማለት ነው። ሪስታርት ግን ሁሉንም ከዜሮ ያስነሳል። እሱ ብቻ ከበቃችሁ እሰየው።

ሁለተኛ፣ ማን እየጎተተው እንደሆነ እዩ

ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕን አንድ ላይ ስትጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ጠበብ ብሎ ከመጣ "ሞር ዲቴይልስ" በሉት። አናቱ ላይ ሲፒዩ (ዋናው አስቢ ቺፕ)፣ ሜሞሪ (ራም፣ ስራ ላይ ያለውን ሚይዘው)፣ ዲስክ እያለ በፐርሰንት ያሳያችኋል። በቃ ምርመራው ይሄ ነው፣ እዚ ጋር አትቸኩሉ፣ ኮምፒውተሩ በተንቀራፈፈበት ሰዓት ከፍታችሁ አምስት ደቂቃ ያህል ቁጭ ብላችሁ እዩት። ዲስክ የሚለው 100 ፐርሰንት ላይ ተገትሮ አልወርድ ካለ ነገሩ ሃርድ ዲስኩ ጋር ነው። ሜሞሪው 90 እና ከዛ በላይ ከሆነ ራም አንሶታል። ሲፒዩው ከሆነ ደግሞ የትኛው ፕሮግራም እንደያዘው ሲፒዩ የሚለውን ጽሑፍ ክሊክ ስታደርጉት ትልቁን ወደ ላይ አምጥቶ ያሳያችኋል። ስሙን ማታውቁት ነገር ካያችሁ ዝም ብላችሁ አትዝጉ፣ የዊንዶውሱ የራሱ ሊሆን ይችላል፣ ስሙን ጎግል ላይ ፈልጉት።

ሦስተኛ፣ ሙቀትና አቧራ (የድሬው ዋና በሽታ)

እዚ ጋር ትንሽ ልቆይ። ከኢንተርኔት ላይ ሚገለበጡት ምክሮች አብዛኞቹ ቀዝቃዛ አገር ተጽፈው የመጡ ናቸው፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ድሬ 35 ዲግሪ ውስጥ ለሚሰራ ኮምፒውተር ታስበው አይደለም። ሲፒዩ ሲግል ራሱን ላለማቃጠል ሆን ብሎ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ቫይረስ የለ፣ ዲስኩ ባዶ፣ ራሙ በቂ፣ ግን ይጎተታል። ማወቂያው ቀላል ነው፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ደህና የነበረ ኮምፒውተር ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ከተንቀራፈፈ ሙቀትን ጠርጥሩ። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ታስክ ማናጀር ውስጥ ፐርፎርማንስ የሚለውን ገብታችሁ ሲፒዩ ጋር "ቤዝ ስፒድ" እና "ስፒድ" የሚሉትን አስተያዩ፣ ከባድ ስራ ላይ ሆኖ ቤዙ 2.4 ጊጋኸርዝ እያለ አሁን ያለው 0.8 ምናምን ላይ ከወረደ እየታፈነ ነው (ስራ ሲፈታም ዝቅ ስለሚል ስራ ላይ እያለ ነው ማየት ያለባችሁ፣ ላፕቶፕ ከሆነም ቻርጀሩ ተሰክቶ)።

አቧራው ደግሞ አለ። ደቻቱ ወንዝ ዳር ወይ አስፋልት ያልደረሰበት ሰፈር ያላችሁ ሰዎች ታውቁታላችሁ፣ ጠዋት የተወለወለ ጠረጴዛ ማታ ላይ ጣት ያሳያል፣ ያው አቧራ ነው ፋኑ ወደ ውስጥ ሚስበው። ዴስክቶፕ ከሆነ አጥፉት፣ ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ፣ በረንዳ ላይ አውጡትና የጎኑን ክዳን ፍቱ። አዲስ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ይበቃል። የፋኑን ክንፍ በጣት ያዝ አድርጋችሁ ጥረጉ፣ በአየር ምትነፉት ከሆነ በተለይ ያዙት፣ በሃይል ሲሽከረከር ይበላሻል። ሲፒዩው ላይ ያለው ሙቀት ማውጫ ብረት በቆርቆሮዎቹ መሃል በአቧራ ተደፍኖ ነው ብዙ ጊዜ ሚገኘው፣ እሱን በደንብ አጽዱ። እርጥብ ጨርቅ አይነካውም፣ የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽንም አታስጠጉበት፣ በስታቲክ ኤሌክትሪክ ቦርዱን ሊጎዳው ይችላል። ላፕቶፕ ከሆነ ከፍቶ ለሚያውቅ ሰው ስጡት፣ ዓመታት የቆየ ከሆነ ሲፒዩው ላይ ያለው ሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት (ፔስት) ደርቋል ማለት ስለሆነ እሱም አብሮ ይቀየር በሉት።

ሌላው አቀማመጥ ነው። ላፕቶፕ ፍራሽ ላይ ወይ ትራስ ላይ አይቀመጥም አቦ፣ አየር ሚስብበት ቀዳዳ ከስር ነው ያለው። ጠንካራ ነገር ላይ አድርጉት፣ ከኋላ በኩል በሁለት የጠርሙስ ክዳን ከፍ ብታደርጉት ራሱ ለውጥ አለው። ከባድ ስራ ካላችሁ፣ ቪዲዮ ኤዲት ምናምን፣ ሌሊት ወይ ማለዳ ስሩት። ፓወር ሞዱን "ቤስት ፐርፎርማንስ" አድርጉት ሚሉ አሉ፣ እኔ ለድሬ ከሰዓት አልመክርም፣ ሙቀቱን ጨምሮ መልሶ ያንቀረፍፈዋል።

አራተኛ፣ ሲነሳ አብሮ ሚነሳውን ቀንሱ

ታስክ ማናጀር ውስጥ ስታርትአፕ የሚለው ጋር ኮምፒውተሩ ሲበራ ሳትጠሩት ሚከፈቱት ተደርድረዋል። ቴሌግራም፣ ቶረንት፣ የፕሪንተር አፕዴት... ማትፈልጉትን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ዲሴብል በሉት፣ ፕሮግራሙ አይጠፋም፣ ስትፈልጉት ራሳችሁ ትከፍቱታላችሁ። አንቲቫይረሱን አትንኩ። ሁለት አንቲቫይረስ ካለ ግን አንዱን አንስቱ፣ አንድ ፋይል ለሁለት እየፈተሹ ነው ሚያዘገዩት።

አምስተኛ፣ ዲስኩን አስተንፍሱት

ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ስቶሬጅ፣ ቴምፖራሪ ፋይልስ። ዝርዝሩ ውስጥ ዳውንሎድስ የሚለውም ስላለ ምልክቱ መነሳቱን ሳታዩ ሪሙቭ እንዳትሉ፣ ያወረዳችሁት ሁሉ ይሄዳል። ሲ ድራይቭ ላይ ቢያንስ ከአምስት አንዱ ባዶ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ፊልሞቹን ወደ ሌላ ውሰዷቸው።

ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ በቀጥታ በመብራት ምትጠቀሙ ካላችሁ፣ መብራት ድርግም ባለ ቁጥር ዲስኩ ላይ እየተጻፈ ያለው ነገር መሃል ላይ እየተቋረጠ ፋይል ይበላሻል። ሲ ድራይቭን ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ቱልስ፣ ቼክ አድርጉት። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ሚል ድምፅ ካለው ደግሞ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ዛሬውኑ ፎቶና ሰነዳችሁን ገልብጡ።

ስድስተኛ፣ ፍላሽ

ፎቶ ኮፒ ቤት ሰክታችሁት የመጣችሁ ፍላሽ ውስጥ ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ካያችሁ ቫይረስ ነው፣ አትክፈቱት። ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን፣ ከዛ ስካን ኦፕሽንስ ገብታችሁ ኦፍላይን ስካን የሚለውን ምረጡ። ራሱ ሪስታርት አድርጎ ዊንዶውሱ ሳይነሳ ይፈትሻል፣ 15 ደቂቃ አካባቢ ነው። ፋይሎቻችሁ ብዙ ጊዜ አልጠፉም፣ ተደብቀው ነው።

ሰባተኛ፣ ብር ማውጣት ካለባችሁ

ታስክ ማናጀሩ ዲስክ 100 ካላችሁና ውስጡ ያለው ሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ከሆነ፣ ከምንም በላይ ለውጥ ሚያመጣው ኤስኤስዲ ነው፣ በሃርድ ዲስኩ ቦታ ሚገባ ማይሽከረከር ዲስክ ማለት ነው። የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ብዙ ጊዜ በደቂቃ 5,400 ጊዜ እየዞረ ነው ሚያነበው፣ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ገደማ፣ እሱም ፋይሉ ተከታትሎ ከተቀመጠ ነው። ሳታ በሚባለው መሰኪያ ሚገባው ኤስኤስዲ ወደ 500 ሜጋባይት ይደርሳል፣ ሚዞር ነገርም ስለሌለው የተበታተነ ትንንሽ ፋይል ሲያነብ ልዩነቱ ከዚም በጣም ይሰፋል። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ብዙ ጊዜ ሚገባው 2.5 ኢንች ሳታው ነው፣ 240 ወይ 256 ጊጋ ለቤት ይበቃል።

ታይዋን ገበያም ሆነ ከዚራ ሰፈር ስትገዙ የድሮውን ነቅላችሁ ወይ ፎቶ አንስታችሁ ሂዱ፣ ዋስትናውንም ጠይቁ። ኤስኤስዲው በፋይል እስኪሞላ ጽፎ መልሶ ሚያነብ ነፃ መፈተሻ ፕሮግራም አለ፣ ኤች2ቴስትደብልዩ ይባላል፣ 256 ተብሎ ውስጡ ሌላ የሆነ ዕቃ እሱ ላይ ይጋለጣል፣ ዕቃውን ስራ ላይ ከማዋላችሁ በፊት ፈትሹት።

ራም ከሆነ ያነሰው፣ ፐርፎርማንስ ውስጥ ሜሞሪ ጋር "ስሎትስ ዩዝድ" የሚለው ስንት ቦታ ባዶ እንዳለ ይነግራችኋል። ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ዊንዶውሳችሁ 32 ቢት ከሆነ ደግሞ 8 ጊጋ ብትገዙም ከ4 በላይ አይጠቀምበትም፣ ሴቲንግ ውስጥ ሲስተም፣ አባውት ጋር ሳታዩ ብር እንዳታወጡ።

አዲሱን ኤስኤስዲ ስታስገቡ ምን እንደሚጫንበት አስቡ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ነው ያቆመው፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 ሚባል የደህንነት ቺፕ ስለሚጠይቅ አሮጌዎቹን አይቀበልም። ኮምፒውተሩ ሚሰራው ፊልም፣ ብራውዘርና ጽሑፍ ብቻ ከሆነ በዊንዶውስ ፈንታ ሚጫነውን ሊኑክስ ሚንትን ሞክሩት፣ ነፃ ነው፣ አማርኛም ይጻፍበታል፣ ምንም ሳትጭኑ ከፍላሽ አስነስታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ማይክሮሶፍት ኦፊስ ግን እንዳለ አይጫንበትም፣ ቦታውን ሊብሬኦፊስ ነው ሚተካው፣ የመስሪያ ቤት ሰነድ ምትሰሩ እሱን አስቡበት።

የወጣው ሃርድ ዲስክ ጤነኛ ከሆነ አትጣሉት። በዩኤስቢ ሚሰካ መያዣ ኬዝ ይሸጣል፣ እሱ ውስጥ አስገቡትና ፎቶና ሰነድ መገልበጫ አድርጉት፣ ስትጨርሱ ግን ንቀሉት፣ ተሰክቶ ከዋለ ኮምፒውተሩን የያዘ ቫይረስ እሱንም ይይዘዋል።