ዳሽቦርዱ «-40» ሲል፦ የውጭ ሙቀት ሴንሰርን አዳማ ላይ በራስ እጅ መቀየር

አዳማ ላይ በጠራራ ፀሐይ ዳሽቦርዱ -30 ወይም -40 ካሳየ የሴንሰሩ የኤሌክትሪክ መስመር የሆነ ቦታ ተቋርጧል ማለት ነው። ነገሩ አስቂኝ ቁጥር ብቻ አይደለም። ብዙ መኪኖች ውጭው በጣም የቀዘቀዘ ሲመስላቸው የኤሲውን ኮምፕሬሰር (ጋዙን የሚገፋውን ፓምፕ) አያስነሱም፤ ባለቤቱ ደግሞ ጋዝ ያለቀ መስሎት ያስሞላል። በሌላ በኩል መኪናው ቆሞ ቁጥሩ ወደ 40 ቢወጣና ሲነዳ ቢወርድ የሞተሩ ሙቀት ነው፣ አትንኩት።

ሴንሰሩ ሁለት ሽቦ ያለው ትንሽ ፕላስቲክ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ፓራውልት ጀርባ፣ ከኤሲው ኮንደንሰር (ራዲያተር ከሚመስለው የኤሲ ክፍል) ፊት ይቀመጣል። በአንዳንድ መኪና ኮፈን ከፍቶ የላዩን ፕላስቲክ ማንሳት ይበቃል፤ በሌላው ፓራውልቱ መውለቅ አለበት። ፀሐይ ያደረቃቸው ክሊፖች ሲነቀሉ ስለሚሰበሩ ትርፍ አራት አምስት ያዙ። እዚያው አካባቢ ቢጫ ሶኬት ካያችሁ የኤርባግ ነው፣ እጃችሁን ሰብስቡ።

ሴንሰር ከመግዛታችሁ በፊት ሽቦውን ፈትሹ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። ቁልፉን አጥፍታችሁ ሶኬቱን ንቀሉ፣ በመኪናው በኩል ያሉትን ሁለት ፒኖች በቀጭን ሽቦ አገናኙና ቁልፉን አብሩ። ቁጥሩ ወደ ላይ ከሮጠ ሽቦው ደህና ነው፣ የሞተው ሴንሰሩ ነው። ምንም ካልተለወጠ አዲስ ሴንሰርም አያድነውም። ላቫጆ ላይ በኃይለኛ ውሃ የተመታ ሶኬት ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ይይዛል፤ እሱን ማጽዳት ብቻውን መፍትሔ ሊሆን ይችላል። የተበጠሰ ሽቦ ስትቀጥሉ በናስትሮ ብቻ አትጠቅልሉ፤ በሙቀት ሙጫው ይለቃል።

የሴንሰሩን የኤሌክትሪክ ተቃውሞ (በኦም የሚለካውን) በቴስተር ለኩ። በብዙ ቶዮታዎች 25 ዲግሪ ላይ ከ1.6 እስከ 1.8 ኪሎ ኦም፣ 50 ዲግሪ ላይ ከ0.5 እስከ 0.7 ማሳየት አለበት። በእጃችሁ ስትጨብጡት ቁጥሩ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ በረዶ ውሃ አጠገብ ሲሆን ይወጣል። ከዘለለ ወይም ካልተንቀሳቀሰ ጣሉት። ይህን ሙከራ ያገለገለ መለዋወጫ ስትገዙም እዚያው ሱቁ ውስጥ አድርጉት፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ዕቃ ግን ሳይቀዘቅዝ አይለካም። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና የዕቃ ቁጥሩን አመሳክሩ። ሶኬቱ ስለገባ ብቻ ልኩ ነው ማለት አይደለም፤ የሌላ ሞዴል ከሆነ ሁልጊዜ ጥቂት ዲግሪ አሳስቶ ያሳያል።

አዲሱን በነበረበት ማቀፊያ ላይ እስኪቀጭል ግፉት። ማቀፊያው ተሰብሮ ከኮንደንሰሩ ጋር ከታሰረ የኮንደንሰሩን ሙቀት ነው የሚያነበው፤ ጫፉ ብረት ሳይነካ ነፋስ የሚያገኝበት ቦታ ይሁን። ፓራውልቱን ሙሉ በሙሉ ከማሰራችሁ በፊት ቁልፉን አብሩና -40 መጥፋቱን እዩ። ትክክለኛው ቁጥር ወዲያው ላይመጣ ይችላል፤ መኪናው ሆን ብሎ በዝግታ ስለሚያድሰው ጥቂት ደቂቃ ነድታችሁ ፍረዱ።