ድብልቅ ነጭ ወይን ከምን ጋር ይቅረብ?

«ነጭ ወይን ለዓሣ፣ ቀይ ለሥጋ» ሲባል ሰምታችኋል። እኔ በዚህ ምክር ብዙ አልተጠቀምኩም። ጥያቄው ዓሣው በምን ተሠራ የሚለው ነው። በሎሚ? በቅቤ? በበርበሬ? የፈረንሳዩን የቦርዶ አካባቢ ነጭ ወይን ይዘን እንየው።

መጀመሪያ ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ። የቦርዶ ነጭ ብዙውን ጊዜ የሁለት የወይን ዝርያዎች ድብልቅ ነው፤ ሶቪኞን ብላን እና ሴሚዮን። አንዳንዴ ሙስካዴል ጣል ይደረግበታል። ሶቪኞን ጎምዘዝ ይላል፤ ሎሚና ገና የታጨደ ሣር ይሸታል። ሴሚዮን ወፈርና ለስለስ ያለ ነው፤ ሲቆይ ማር ማር ይላል። በጋሮንና በዶርዶኝ ወንዞች መካከል ካለው «አንትር ዱ ሜር» የመጣ ከሆነ ባብዛኛው ቀለል ያለ ነው። «ፔሳክ ሌዮኛን» ከሚባለው የቦርዶ አካባቢ የመጣው ግን ብዙ ጊዜ በኦክ እንጨት በርሜል የቆየ፣ ከበድ ያለ ነው። ዋጋውም አይቀመስም። «ሴክ» ከተባለ ደረቅ፣ ማለትም ጣፋጭነት የሌለው ነው፣ «ሞዌሉ» ከተባለ ጣፋጭ።

ቀጥሎ አቀዝቅዙት። ቀላሉ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ፣ በርሜል ያየው ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ይበቃዋል። ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ሰዓት ያህል ይቆይ፤ ከባዱን ከመቅዳታችሁ 15 ደቂቃ ቀደም ብላችሁ አውጡት። በረዶ ከሆነ መዓዛው ድራሹ ይጠፋል።

አሁን ትንሽ ሙከራ። ጨው ብቻ የነካው የዓሣ ጥብስ ቁራጭ ጉረሱና ወይኑን ፉት በሉ። ከዚያ ሌላ ቁራጭ ላይ ሎሚ ጭመቁና ድገሙት። ቅድም ጥርስ የሚያጠረስ የመሰለው ወይን ሁለተኛው ላይ ለስለስ ብሎ ታገኙታላችሁ። የሎሚው ኮምጣጣነት የወይኑን ይሸፍነዋል። እንግዲህ ምግቡ ከወይኑ በላይ ከጎመዘዘ ወይኑ ውሃ ውሃ ይላል፤ ሰላጣው ላይ ኮምጣጤ አታብዙ።

ይህን ካያችሁ ሌላው ቀላል ነው። ሎሚ ያለበት ዓሣ፣ አይብ፣ በዘይት የተሠራ ጎመን ከቀላሉ ጋር ይሄዳሉ። ክሬም ያለበት ዶሮ ወይም ንጥር ቅቤ የገባበት የዶሮ አልጫ ሴሚዮን የበዛበትን ከባዱን ይፈልጋል። ቀላሉን ብታቀርቡ ቅቤው ይውጠዋል።

በርበሬ ላይ ግን ተጠንቀቁ። አንድ በዓል ላይ ዶሮ ወጥ አቅርቤ ደረቅ ነጭ ወይን ቀዳሁ። አክስቴ አንዴ ተጎነጨችና «ይሄ ነገር እሳት ላይ ቤንዚን ነው» አለች። እውነቷን ነው፤ አልኮል የበርበሬን ማቃጠል ያባብሳል። ስኳር ደግሞ ያበርደዋል፤ ጣፈጥ ያለ ጠጅ ከዶሮ ወጥ ጋር የሚስማማው ለዚህ ይመስለኛል። ስለዚህ ለቀይ ወጥ ሞዌሉውን፣ ያውም በደንብ ቀዝቅዞ።

የተረፈውን በቡሽ ዘግታችሁ ፍሪጅ መልሱት። ሁለት ሦስት ቀን አይበላሽም። ከዚያ ካለፈ ለመጠጥ ባይሆንም የዓሣ ስጎ ሲሠራ ግማሽ ብርጭቆ ጠብ ማድረግ ነው።