ከቻይና በኦንላይን ስታዝዙ፦ ለሰሜን ሸዋ ጀማሪ ነጋዴዎች

ጀማሪ ነጋዴ ገንዘቡ የሚበላው ብዙውን ጊዜ ገና ቻት ላይ እያለ ነው። ሻጩ ደህና ዋጋ ይሰጥና «በዊቻት (በቻይናውያኑ የመልእክት መተግበሪያ) እንነጋገር፤ ብሩን በግል አካውንቴ ከላክህ እቀንስልሃለሁ» ይላል። እዚያው ላይ አቁሙ። አሊባባ የሚባለው የቻይና የጅምላ ገበያ ድረ ገጽ የሚሰጠው የገዢ ዋስትና የሚሠራው ክፍያው በድረ ገጹ በኩል ካለፈ ብቻ ነው። ሻጩ ስም አጠገብ የሚታየው «ጎልድ ሰፕላየር» የሚለው ምልክትም በአባልነት ክፍያ የሚገኝ ስለሆነ ብቻውን አያስተማምንም።

መጀመሪያ የንግድ ፈቃዱን አስልኩ። የቻይና ድርጅት 18 ፊደልና ቁጥር ያለው የምዝገባ ኮድ አለው። በፈቃዱ፣ በፕሮፎርማው (ከግዢ በፊት ሻጩ በሚልከው የዋጋና የዕቃ ዝርዝር) እና በባንክ ሂሳቡ ላይ ያለው ስም አንድ ካልሆነ አትክፈሉ። መሀል ላይ «ሂሳባችን ተቀይሯል» የሚል ኢሜይል ከመጣ በቀድሞው ስልክ ደውላችሁ አረጋግጡ፤ ኢሜይሉ ተጠልፎ ሊሆን ይችላል።

የተለመደው አከፋፈል 30 በመቶ ቀብድ፣ 70 በመቶ ከመጫኑ በፊት ነው። ጉልበታችሁ ያ 70 ነው፤ ዕቃው በገለልተኛ መርማሪ ሳይታይ አትልቀቁት። ሳምፕሉ አንደኛ ሆኖ ጭነቱ ሌላ የሚሆንበት ጊዜ አለና።

ጄኔሬተር የምታዝዙ ከሆነ ፕሮፎርማው ላይ «ጥሩ ጄኔሬተር» ብሎ መጻፍ ዋጋ የለውም። 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ የውስጡ የሽቦ ጥቅል መዳብ እንጂ አልሙኒየም እንዳልሆነ ይጻፍ። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ተራ የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ሸዋ ሮቢት ቆላው ላይ ያለችግር ፓምፕ የሚጎትተው ባለ 5 ኪሎዋት ጄኔሬተር ደብረ ብርሃን ላይ 4 እንኳ አይሞላም። ደንበኛችሁ ግን «ፌክ ሸጥክልኝ» ብሎ የሚመጣው እናንተ ዘንድ ነው።

በአውሮፕላን ካስመጣችሁ መጠኑም ይመዘናል፦ ርዝመት በወርድ በቁመት፣ በሴንቲ ሜትር፣ ለ6,000 ይካፈላል። 60 በ50 በ40 የሆነ ካርቶን 8 ኪሎ ቢመዝንም የ20 ኪሎ ይከፈልበታል።

ሻጩ የሚሰጣችሁ «ኤፍኦቢ» (FOB) የሚባለው ዋጋ ቻይና ወደብ መርከብ ላይ እስኪጫን ያለው ብቻ ነው። ቀረጥ የሚሰላው የመርከብና የኢንሹራንስ ወጪ ተደምሮ ነው፤ 15 በመቶ ቫት ደግሞ ቀረጡም ከተደመረ በኋላ ይመጣል። ስለዚህ ቀብድ ሳትልኩ የታሪፍ ኮዱን (ቀረጡ የሚወሰንበትን የዕቃ መለያ ቁጥር) ለትራንዚተር፣ ማለትም ጉምሩክ ላይ ለሚያስፈጽምላችሁ ወኪል፣ አሳዩ። «ኢንቮይሱን ዝቅ አድርጌ እጽፋለሁ» የሚል ሻጭ አትስሙ፤ ጉምሩክ የራሱን ዋጋ ሊይዝ ይችላል፣ ዕቃው ቢጠፋም የምትጠይቁት ካሳ በዚያችው ትንሽ ዋጋ ይሆናል።

ለፋሲካ ገበያ ከሆነ ትእዛዙ በኅዳር ይግባ። በጥር ወይም በየካቲት የቻይና አዲስ ዓመት ሲመጣ ፋብሪካው ለሳምንታት ይዘጋል።