በአጃይል ቡድን ውስጥ እንዴት በደንብ እንሥራ?

ጎጃም ውስጥ በወንፈል አረም አርሞ የሚያውቅ ሰው አጃይልን፣ ማለትም ሶፍትዌርን በቡድን በአጭር በአጭር ዙር እየሠሩና ለተጠቃሚው እያሳዩ የማሻሻልን ዘዴ፣ ለመረዳት ብዙም አይቸገርም። ማሳው ፊት ለፊት ነው። የቱ ታረመ፣ የቱ ቀረ፣ ሁሉም ያያል። ወደ ኋላ የቀረውን ከጎኑ ያለው ያግዘዋል። የሶፍትዌር ሥራ ግን ላፕቶፕ ውስጥ ነው፤ ካልተናገርን ማንም አያየውም። እ.ኤ.አ. በ2001 ዩታ ውስጥ የተሰበሰቡ 17 ባለሙያዎች የአጃይልን መግለጫ ሲያወጡ የሰዎችን መነጋገር ያስቀደሙት ያለ ምክንያት አልነበረም።

መጀመሪያ ሥራውን ቆራርጡት። «የእህል መጋዘን ሲስተም» በጣም ትልቅ ነው። «የመጋዘኑ ኃላፊ የገባ ጤፍ ይመዘግባል» የሚለው ግን በሁለት ሦስት ቀን ያልቃል። «አለቀ» ስትሉ ምን ማለታችሁ እንደሆነም ቀድማችሁ ተስማሙ። የእኛ ቡድን፣ ሌላ ሰው ኮዱን ሳያየውና ተጠቃሚው ስልክ ላይ ሳይሞከር፣ አለቀ አይልም።

ቀጥሎ ስፕሪንቱን፣ ማለትም አንዱን አጭር የሥራ ዙር፣ አቅዱ። ሁለት ሳምንት ጥሩ ነው፤ ስክረም በሚባለው የአጃይል አሠራር ከአንድ ወር መብለጥ የለበትም። ስታቅዱ የበዓላቱን ቀን እዩ። የፋሲካ ሰሞን ግማሹ ቡድን አገር ቤት ይገባል። ሥራዎቹን በወረቀት ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ ባሕር ዳር መብራት ሲጠፋም ይነበባል። ኮዱን ደግሞ በየቀኑ ወደ ጊት፣ የኮድ ለውጦችን ወደሚመዘግበው የቡድኑ የጋራ ማከማቻ፣ ላኩ።

ግምት ስታወጡ ፕላኒንግ ፖከር ተጠቀሙ። ሁሉም ቁጥሩን ደብቆ ይጽፍና እኩል ያሳያል። ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ታላቅየው ቀድሞ «ሦስት ቀን» ካለ፣ ታናሹ «ስምንት ይፈጃል» ለማለት ይከብደዋል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ ሁሉም የት እንደደረሰና ምን እንደያዘው ወደሚናገርባት የ15 ደቂቃ የጠዋት ስብሰባ። ብዙ ቡድን የሚወድቀው እዚህ ነው፤ ምክንያቱም ይሉኝታ ነው። እኔ ራሴ አንድ ስህተት ላይ ተጣብቄ ሦስት ጠዋት በተከታታይ «እየሠራሁ ነው» ብያለሁ። በአራተኛው ቀን ጓደኛዬ አጠገቤ ቁጭ አለና በአሥር ደቂቃ አገኘው። ሦስት ቀን የበላው ሥራው አልነበረም፣ ዝምታዬ ነው። ስለዚህ ግማሽ ቀን ከቆማችሁ እንዲህ በሉ፦ «ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ እዚህ ጋ ቆሜያለሁ። ከስብሰባው በኋላ 20 ደቂቃ የሚያየኝ ሰው እፈልጋለሁ።» ቡድኑን የምትመሩ ከሆነ ደግሞ እናንተው ቀድማችሁ «አልገባኝም» በሉ። ከዚያ በኋላ ሌላውም ይደፍራል።

ስፕሪንቱ ሲያልቅ የሠራችሁትን ለሚጠቀምበት ሰው አሳዩ፤ ስልኩን ለእሱ ስጡትና ዝም ብላችሁ እዩ። እኛ ያሳየናቸው የመጋዘን ኃላፊ ስልኩን ይዘው ትንሽ ቆዩና «ልጆች፣ ጳጉሜን የት አለች?» አሉን። የወር መምረጫው ላይ 12 ወር ብቻ ነበር። ክብደቱንም በኪሎ ጠይቀናል፤ እሳቸው የሚመዘግቡት በኩንታል ነው። በሁለት ሳምንት ስለታወቀ በአንድ ቀን ተስተካከለ።

በመጨረሻ ቡድኑ ብቻውን ይቀመጥና አሠራሩን ይገምግም። የሚቀየር አንድ ነገር ብቻ ምረጡ፤ ማን እንደሚከታተለውም ጻፉ። እኛ ያን ቀን የመረጥነው ይህን ነበር፦ ማንኛውም ቅጽ ኮድ ከመጻፉ በፊት በወረቀት ተስሎ ወደ መጋዘኑ ይሄዳል።